«በደንብ ካበሰልሽው ምንም አይልሽም» የሚል ዓሣ ሻጭ ካጋጠማችሁ

ወገኖቼ፣ ባለፈው ሳምንት የደረሰብኝን ልንገራችሁና እናንተ ትረፉ።

ቱና ዓሣ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ተቆራርጦ ትሪ ላይ ተደርድሯል። መልኩ ያማልላል፤ ደማቅ ቀይ ነው፣ አሁን ከባህር የወጣ ይመስላል። ከሥሩ ግን በረዶ የለም። በላስቲኩ ላይ በጣቴ ስነካው ቅዝቃዜ የሚባል ነገር የለውም። ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ። ሻጩን ስጠይቀው «አሁን ነው ያወጣሁት፤ ደግሞ በደንብ ካበሰልሽው ምንም አይልሽም» አለኝ። አመንኩትና ሁለት ኪሎ ገዛሁ።

ቤት ገብቼ ሊያር እስኪደርስ ጠበስኩት። ገና የመጀመሪያውን ስጎርስ ምላሴን ለበለበኝ። ቃሪያም በርበሬም አልጨመርኩበትም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴና አንገቴ ፍም መሰለ፤ ልቤ ይደልቃል፤ ራሴን ለሁለት ሊከፍለው ደረሰ። አለርጂ ነው ብዬ ሐኪም ቤት ሮጥኩ። ሐኪሙ ፊቴን አየና መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ዓይነት ዓሣ ነው የበላሽው?» ብሎ ነው። ቱና ስለው ነገሩ ወዲያው ገባው።

የሂስታሚን መመረዝ ይባላል። ቱና፣ ማኬሬልና ሳርዲን ሥጋቸው ውስጥ ሂስቲዲን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለ። ዓሣው ከተያዘ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ባክቴሪያዎች ይህንን ወደ ሂስታሚን ይለውጡታል። ሂስታሚን አንዴ ከተፈጠረ መጥበስ አያጠፋውም፣ መቀቀል አያጠፋውም፣ ፍሪዘር ውስጥ መክተትም አያጠፋውም። እሳቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያው ሠርቶት የሄደው መርዝ ግን እዚያው ሥጋው ውስጥ ነው። ሻጩ የሰጠኝ ዋስትና ዋስትና አልነበረም ማለት ነው።

ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ ይባላል። እኔ የገዛሁት አናትም ግማትም አልነበረውም። ሂስታሚን የሞላበት ዓሣ ምንም ላይሸት ይችላል። ቀለሙንም አትመኑ። ቱናን በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ የሚያክሙ ነጋዴዎች አሉ፤ እንዲህ የታከመ ሥጋ ቢያረጅም እንደቀላ ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት ይህንን ከልክሏል፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ዓሣ ስትገዙ ከቀለሙ በፊት በረዶውን እዩ።

ከዚያ ወዲህ «አብስለው» የሚለው ምክር የማይሠራበትን ሌላ ነገር ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ሜርኩሪ የሚባለው መርዛም ብረት ነው። ውሃ ውስጥ የገባ ሜርኩሪ በባክቴሪያዎች አማካይነት ሜቲል ሜርኩሪ ይሆናል። ትንሹ ዓሣ ጥቂት ይይዛል፣ ትልቁ ትንንሾቹን ይበላል፣ ከሁሉም የበለጠው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቅማል። ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ቆዳውን ብትገፉት፣ ስቡን ብታወጡት፣ ብትጠብሱት አይወጣም። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ ላይ የአንድ ኬሚካል ፋብሪካ ፍሳሽ ባሕሩ ውስጥ ሲገባ፣ ዓሣውንና ዛጎል ለበሱን ይበሉ የነበሩ ሰዎች መንቀጥቀጥና መደንዘዝ ጀመራቸው፤ ማየትና መናገርም ከበዳቸው። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። እናቶቻቸው ያን ያህል ሳይታመሙ አእምሯቸው የተጎዳ ሕፃናት ተወልደዋል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

ይህ የፋብሪካ አደጋ ነበር፤ የተለመደው ዓሣ እንደዚያ አይደለም። በዓሣ ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ልኬት፣ ሶርድፊሽ የሚባለው ባለ ሰይፍ አፍ ትልቅ ዓሣ ውስጥ ያለው አማካይ ሜርኩሪ ሳርዲን ውስጥ ካለው ከ70 እጥፍ ይበልጣል። ሻርክም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ትንንሽ ልጆች ሻርክን፣ ሶርድፊሽንና ትልልቅ ዓይን ያለውን የቱና ዝርያ ጭራሽ ቢተዉ ይሻላቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ንግዱ የሚያበሳጨኝ። ትልቁ ዓሣ እንደ ክብር ምግብ በውድ ይቀርባል። ትንሹ ሳርዲን ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ስብ ሞልቶት፣ ከነአጥንቱ ሲበላ ካልሲየም ጨምሮ፣ ከሥር ተጥሎ ይሸጣል። ለጤናችሁ ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት፣ ትንሹን ግዙ። ሳልሞንም ጥሩ ነው፤ ሜርኩሪው ዝቅተኛ ነው። በሳምንት ሁለቴ ዓሣ መብላት ለልብ ይጠቅማል፤ ነፍሰ ጡርም ብትሆኑ ሜርኩሪው ዝቅ ያለውን በሳምንት ከ225 እስከ 340 ግራም እንድትበሉ ይመከራል። የፅንሱ አእምሮ ኦሜጋ 3ውን፣ አዮዲኑን፣ ቢ12ውን ይፈልጋል። በእኔ ታሪክ ፈርቶ ዓሣ የሚተው ሰው እንዳይኖር አደራ።

ስብ ውስጥ የሚቀመጡት ፒሲቢና ዳዮክሲን የሚባሉ መርዛማ ኬሚካሎች ግን ከሜርኩሪ ለየት ይላሉ። ቆዳውንና የሆዱን ስብ ማውጣት፣ ሲጠበስም ስቡ እንዲንጠባጠብ ማድረግ ይቀንሳቸዋል።

ኦይስተርና ማስልን የመሰሉ ባለ ዛጎሎች በርካሽ ሲቀርቡላችሁ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ። ውሃ እያጠለሉ ነው የሚመገቡት፤ ውሃው የያዘውን ሁሉ ይሰበስባሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. ሻንጋይ ላይ በፍሳሽ ከተበከለ ውሃ የወጣ ባለ ዛጎል በደንብ ሳይበስል ተበልቶ ወደ 300 ሺህ ሰው ሄፓታይተስ ኤ ያዘው። ለቫይረሱና ለባክቴሪያው በደንብ ማብሰል ይረዳል። አንዳንድ የባሕር አልጌዎች የሚያመነጩት ሳክሲቶክሲን የሚባል መርዝ ግን በማብሰል አይጠፋም፣ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። ከንፈርን በማደንዘዝ ይጀምራል፤ ሲከፋ መተንፈስ ያቆማል። ከየት ውሃ እንደወጣ ማሳየት ከማይችል ሰው ባለ ዛጎል አትግዙ። ጥሬውን ከገዛችሁ፣ ዛጎሉ ክፍት ሆኖ ሲነካ የማይዘጋውን ጣሉት።

ዓሣ በልታችሁ ምላሳችሁን ከለበለባችሁ ወዲያው አቁሙ፣ ተፍታችሁ ጣሉት። ፊታችሁ ከቀላ ወይም መተንፈስ ከከበዳችሁ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ምን ዓሣ እንደበላችሁና መቼ እንደሆነ ተናገሩ። የተረፈውን አትጣሉት። በላስቲክ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡትና ለምግብ ተቆጣጣሪዎች አሳዩ። ደረሰኝም ያዙ። እኔ በንዴት ሁሉንም ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ሻጩ ጋ ስመለስ «የኔ ዓሣ አይደለም» አለኝ፤ በእጄ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።