ካሴት ወደ ኮምፒውተር፦ ስቲክ፣ ፋየርዋየር ወይስ ስቱዲዮ?

ፒያሳም ሂዱ ስታዲየም አካባቢ፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ «የቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ አላችሁ?» ስትሉ ከመሳቢያ የሚወጣላችሁ ዕቃ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ዩኤስቢ ስቲክ ይሉታል፤ በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጃክ። ዕቃው ማጭበርበሪያ አይደለም፣ ይሠራል። ግን ለሁሉም ካሴት አይደለም። ለአንዳንዱ ካሴት እንዲያውም ያለውን ጥራት በገዛ እጅ መጣል ነው። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ካሴቱን አይታችሁ ውጡ።

ትልቁ ጥቁር ካሴት ቪኤችኤስ ነው፤ በዴክ ይጫወታል። ትንሹ «ቪኤችኤስ-ሲ»ም አዳፕተሩ ውስጥ ገብቶ በዚያው ዴክ ይሠራል። ቪዲዮ 8 እና ሃይ 8ን ግን ዴክ አይቀበላቸውም፤ የራሳቸው ሃንዲካም ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ አናሎግ ናቸው፤ ምስሉን በኮምፒውተር ቁጥር ሳይሆን በሞገድ ነው የሚይዙት። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚበልጠው ሚኒ ዲቪ (በፈረንጆቹ 1995 የመጣው) እና ሶኒ በ1999 ያወጣው ዲጂታል 8 ግን ምስሉን ሲቀርጹ ጀምሮ በዲጂታል ነው የሚጽፉት። ምን መግዛት እንዳለባችሁ የሚወስነው ይሄ ልዩነት ነው።

ዩኤስቢ ስቲክ፦ ለአናሎግ ካሴት

ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው። ገበያ ላይ የሚበዛው «ኢዚካፕ» የሚል ስም ያለበት ወይም የእሱ ኮፒ ነው። ችግሩ፣ ሁለት ተመሳሳይ ካርቶን ውስጥ የተለያየ ቺፕ ሊኖር መቻሉ ነው። አንዱ እንደሰካችሁት ይነሣል። ሌላው ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርግ ሶፍትዌር) ይፈልጋል፤ ድራይቨሩ ያለው ደግሞ አብሮት በመጣው ሲዲ ላይ ነው፣ የዛሬ ላፕቶፕ ሲዲ ማጫወቻ የለውም። እናም ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ነው።

«ወንድሜ፣ በኔ ላፕቶፕ ይሠራል?»

«አንደኛ ነው እህቴ፣ ምንም ችግር የለውም።»

«እሺ፣ እዚሁ እንሞክረው።»

ሱቁ ውስጥ የዲሽ ሪሲቨር አይጠፋም። ቢጫው ጃክ ሪሲቨሩ ላይ ይሰካና ኦቢኤስ በሚባለው በነፃ በሚገኝ የቪዲዮ መቅጃ ሶፍትዌር ምስል ይመጣ እንደሆነ ይታያል። ነጭና ቀዩንም ሰክታችሁ ድምፁን ስሙ፤ ምስሉ መጥቶ ድምፅ እንቢ የሚል ስቲክ ብዙ ነው። መሞከር የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠማችሁ አትከራከሩ፣ ጎን ያለው ሱቅ ግቡ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የሃፓውጅ ዩኤስቢ ላይቭ 2 የሚባለውን ስቲክ አስመጡ። ከኮፒዎቹ ይልቅ እሱን አምነዋለሁ።

ሃይ 8 ካሜራ ካላችሁ ክብ ሆኖ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ኤስ ቪዲዮ መሰኪያ ብዙ ጊዜ ይኖረዋል። በቢጫው ፈንታ እሱን ተጠቀሙ። ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ ስለሚያስተላልፍ ምስሉ ይጠራል።

እኛ አገር ሰውን የሚያስለቅሰው ግን ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባሉት የሁለት የቴሌቪዥን ሥርዓቶች ልዩነት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የኖረው በፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አክስት ከአሜሪካ የላከችው ካሴት፣ ወይም እሷ ባመጣችው ካሜራ የተቀረጸው፣ ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ ወደ 30 ምስል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ወደ ላይ እየተንከባለለ ከሄደ ካሴቱ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን ምርጫ ቀይሩ። ዴኩ ሁለቱንም የማያጫውት ከሆነ ግን ሌላ ዴክ መፈለግ ነው።

ስለ ዴክ ካነሣን፣ ገንዘባችሁን ከስቲኩ ይልቅ እሱ ላይ አውጡ። የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 (እንደ ፈረንጅ) ማምረት አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ የምታገኙት ዴክ ያገለገለ ወይም መጋዘን የከረመ ነው። ካሴቱን የሚያነበው ክፍል («ሄድ») የቆሸሸበት ዴክ የሠርጉን ምስል በረዶ ያስመስለዋል፣ ሰውም ስቲኩን ይረግማል። ስትገዙ የማይቆጫችሁን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ። ዴኩ ሪዋይንድ ሲያደርግ ፊልሙን ካኘከው ቢያንስ የእናታችሁ ሠርግ አይሆንም።

ፋየርዋየር፦ ለሚኒ ዲቪና ለዲጂታል 8

የካሜራውን የጎማ ክዳን ግለጡት። ሥሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ታያላችሁ። አንዱ ዩኤስቢ ነው። ሌላው «ዲቪ» ወይም ሶኒ ከሆነ «አይሊንክ» የሚል የተጻፈበት ባለ 4 ፒን ነው። እጃችሁ በልማድ ወደ ዩኤስቢው ይሄዳል፤ ግን በአብዛኛው ሚኒ ዲቪ ካሜራ ላይ ዩኤስቢው ለፎቶ ወይም ለደብዛዛ ዌብካም ምስል ብቻ ነው። ቪዲዮው ሙሉ ጥራቱን ይዞ የሚወጣው በዲቪው፣ ማለትም ፋየርዋየር በሚባለው የዳታ መሰኪያ ነው።

በፋየርዋየር ሲገለበጥ ምስሉ ዳግም አይቀረጽም። ካሴቱ ላይ ያለው ዳታ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ይህንኑ ካሴት በቢጫ ጃክ ማውጣት ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ቀይሮ እንደገና ዲጂታል ማድረግ ነው። ለሚኒ ዲቪ ስቲክ ግዙ ብዬ የምመክረው የካሜራው የዲቪ ቀዳዳ ከሞተ ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ኮምፒውተሩ ነው፤ አዲስ ላፕቶፕ ይህ ቀዳዳ የለውም። በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ፋየርዋየር ሆኖ በርካሽ የሚሸጥ ገመድ አለ፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ሁለቱ ቋንቋቸው አይገናኝም፣ ገመድ ብቻ አያስታርቃቸውም። መፍትሔው ያገለገለ ኮምፒውተር ነው፣ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ሞልቷል። የ2012ቱ (እንደ ፈረንጅ) ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ ሬቲና ያልሆነው፣ ፋየርዋየር 800 አለው፤ ከ9 ፒን ወደ 4 ፒን የሚሄድ ገመድ አግኝታችሁ በአይሙቪ ትገለብጣላችሁ። ዴል ላቲቲዩድ ኢ6400 እና ኢ6410ም ቀዳዳው አላቸው። ዊንዶውስ 7 ከተጫነባቸው ነገሩ ይቀላል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ የድሮውን ድራይቨር መልሶ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ለአንድ ሳምንት የሚያውስ ሰው ካላችሁ ደግሞ ለምን ትገዛላችሁ?

አንድ ጥቅም ልጨምር፦ መብራት። ላፕቶፑም ካሜራውም በባትሪ ስለሚሠሩ መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቋረጥም። ዴክ ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እርግጥ የድሮ ካሜራ ባትሪ አብዛኛው ደክሟል፤ አስቀድማችሁ ሞክሩት።

ሃይ 8 ላላቸው አንድ ጥሩ ወሬ አለ። አንዳንድ ዲጂታል 8 ካሜራ የቪዲዮ 8ና የሃይ 8 ካሴትም ያጫውታል፤ ያንን አናሎግ ምስል ራሱ ወደ ዲጂታል ለውጦ በፋየርዋየር ይሰጣችኋል። ሁሉም ሞዴል ግን ይህን አያደርግም። ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ካሴት ከትታችሁ እዩ።

ስቱዲዮ፦ መቸገር ለማይፈልግ

ካሴቱ የሚገለበጠው በጨዋታው ርዝመት ልክ ነው። የ1 ሰዓት ካሴት 1 ሰዓት ይወስዳል፣ ማፍጠኛ የለውም። ሦስት ካሴት ብቻ ላለው ሰው ዴክ ፍለጋ መንከራተት አይገባም፤ ለስቱዲዮ መስጠት ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ ክፍል ስለፈረሰ፣ በድሮ አድራሻ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ስትሰጡ ግን አነጋግራችሁ ስጡ። ዲቪዲ ሳይሆን ፋይል በሏቸው፣ የራሳችሁን ሃርድ ዲስክ ስጧቸው። ሚኒ ዲቪ ከሆነ «በፋየርዋየር ነው በቢጫ ጃክ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ሥራቸውን ይነግራችኋል። ደግሞ አደራ፣ «ምንም አትጨምሩበት» በሉ። አለበለዚያ ሙሽሮቹ ዙሪያ ልብ እየበረረ፣ የአያታችሁ ምርቃት በኦርጋን ሙዚቃ ተሸፍኖ ሊመለስላችሁ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ካሴት ብቻ ስጡ። የቤተሰብ ገበና ያለበትን ግን ራሳችሁ ብትገለብጡት ይሻላል።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ኮምፒውተር ሳያስፈልገው ሜሞሪ ካርድ ላይ የሚቀዳ ትንሽ ሳጥን አለ። ይመቻል፣ ግን ጥራቱን እሱ ነው የሚወስነው። ቴሌቪዥኑን በስልክ መቅረጽ ለቴሌግራም ቅንጭብ ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። ካሜራችሁ በሃርድ ዲስክ ወይም በሜሞሪ ካርድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ምንም አትግዙ፤ በዩኤስቢ ኮፒ አድርጉት።

ከመጀመራችሁ በፊት ቦታ አዘጋጁ። የዲቪ ፋይል በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ 20 ደቂቃ ሳይሞላ እንቢ ይላል። ኤክስፋት አድርጉት። ለዘመድ የምትልኩትን ሃንድብሬክ በሚባለው ሶፍትዌር አሳንሱት፣ ዋናውን ፋይል ግን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡት፤ አንዱ ሌላ ዘመድ ቤት ይሁን።