እናቴን ላስታመመች፣ እኛንም ማስታመም ላስተማረች እህት

ይህን ጽሁፍ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ የአልጋ ቁራኛ ያለባችሁ ሰዎች እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው። የማመሰግናትን ሴት ስም ግን አልጠራም። «ስሜ በየሰው ስልክ ሲዞር ማየት አልፈልግም፤ ሥራዬን ተናገር፣ የሚፈልገኝን ሰው አንተ አገናኘኝ» ብላ ቃል አስገብታኛለች። እንግዲህ ሥራዋን ልናገር።

እናቴ ጥቅምት ላይ፣ በዚያ በውርጩ ሰሞን፣ ጠዋት ልትነሳ ስትል ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ስትወጣ መድኃኒቷንም የቀጠሮዋንም ቀን ነገሩን። እንዴት እንደምትታጠብ፣ እንዴት እንደምትጸዳዳ፣ ቀሚሷን ከየትኛው እጅ ጀምረን እንደምናለብሳት ግን የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም። እናትን ማጠብ ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር መስሎ አይታይማ።

እህቶቼ አዲስ አበባ ናቸው። 130 ኪሎ ሜትር ቅርብ ነው ይባላል፣ በየቀኑ ለሚታጠብ ገላ ግን ሩቅ ነው። ባለቤቴ የዚያን ሰሞን አራስ ነበረች። ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። እናቴ ደግሞ «ከሆዴ የወጣ ልጅ ገላዬን ሊያይ? ከዚያ በፊት ሞቴን ያምጣው!» አለች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ፊቷንና እጇን ብቻ ስናብስ ከረምን።

በዚያ መሃል ያላጠፋነው ጥፋት የለም። ከአልጋ ሳነሳት የግራ ክንዷን ይዤ ነበር የምስበው፤ በሳምንቱ «ትከሻዬን» ማለት ጀመረች። ተረከዟና ጅራት አጥንቷ ላይ ጠቆር ብሎ የሚሞቅ ነገር ሲወጣ፣ ጎረቤት «በአረቄ እሹት፣ ደሙ ይዘዋወራል» አለን፤ አሸነው። (አረቄ የማያድነው በሽታ አለ ብሎ የሚያምን የደብረ ብርሃን ሰው ገና አላገኘሁም።) ማታ ማታ ክፍሉ እንዲሞቅ ከሰል አያይዘን እናስገባና በሩን ግጥም አድርገን እንዘጋለን። ከሁሉ የባሰውን ያወቅነው ግን ኋላ ነው፤ እናቴ ፖፖ ላለመጠየቅ ብላ ውኃ መጠጣት ትታ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ የእድራችን ሰው አገናኘን። የመንዝ ልጅ ናት፤ አረብ አገር ስምንት ዓመት አንዲት አሮጊት ስታስታምም ኖራ ነው የተመለሰችው። ነርስ አይደለችም፣ ራሷም ደጋግማ ትናገራለች። ቤታችን የገባች ዕለት መጀመሪያ የነካችው እናቴን ሳይሆን ምድጃውን ነው። አንጠልጥላ አወጣችና መስኮቱን ከፈተች። የከሰል መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ ጤነኛው ሰው ራሱን ሲያመው ወደ ውጭ ይወጣል፣ እማማ ግን በየት ይወጣሉ? አለችን። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በርጩማ ስባ እናቴ አጠገብ፣ ዓይን ለዓይን ተቀመጠች። «እማማ፣ ደህና ሳሉ ገላዎን መቼ መቼ ነበር የሚታጠቡት?» አለቻት። እናቴ «ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይ ሳለ» ስትል መለሰች። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

እናም የገላ ቀን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሆነ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ እዚህ አገር ታማሚን በማለዳ ማጠብ ቅጣት ነው። በሌላው ቀን ፊት፣ እጅ፣ ብብት፣ ከጡት ሥርና ታች ብቻ ይታጠባል። ያረጀ ቆዳ መላው በየቀኑ በሳሙና ከተፈተገ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ከመጀመሯ በፊት ሁሉን አሰናድታ አጠገቧ ትደረድራለች። ሁለት ሳፋ፣ አንዱ ለሳሙናው አንዱ ለማለቅለቂያው። ሦስት ትንንሽ ፎጣ፣ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለገላ፣ አንዱ ለታች። ከሥር የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ደረቅ ፎጣ፣ ቫዝሊን፣ የሚቀየረው ልብስ። «ሳሙና ረስተህ ልታመጣ ስትሄድ እማማ እርጥብ ገላቸውን ይዘው ነው የሚጠብቁህ» ትለኛለች። የውኃውን ሙቀት በክርኗ ትለካለች። በእናቴ ግራ እጅ ግን አታስለካም፤ ያ እጅ ሙቀቱን በትክክል አይናገርም። ማታ እግሯ ሥር የምናደርገውን የሙቅ ውኃ ጠርሙስም ያስቀረችው ለዚሁ ነው፣ ሳይሰማት ሊያቃጥላት ይችል ነበር። አሁን አልጋውን ቀድመን እናሞቅና እሷ ስትተኛ ጠርሙሱን እናወጣለን።

ፊት ያለ ሳሙና ይታጠባል፣ ዓይን ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ይጠረጋል። የሚታጠበው ቦታ ብቻ ይገለጣል፤ ሌላው በጋቢ እንደተሸፈነ ነው። ታች መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ፤ ተገላቢጦሹ የሽንት ኢንፌክሽን ይጠራል። ሲደርቅ በፎጣ መታ መታ ይደረጋል እንጂ አይፈተግም። ከጡት ሥርና ከእግር ጣቶች መሃል እርጥበት መቅረት የለበትም። ቫዝሊኑ ከጣቶቹ መሃል በስተቀር ሁሉም ቦታ ይቀባል። ደግሞ ሳትናገር አትነካትም፤ «እማማ፣ አሁን ጀርባዎን ላጥብ ነው» ትላለች፣ ከዚያ እጇን ትሰዳለች።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ሥራዋን ስትቀበል ያስቀመጠችው ውል አለ፤ ከቤቱ አንድ ሰው አብሯት ቆሞ ካልተማረ አትሠራም። በሦስተኛው ቅዳሜ «ዛሬ አንተ ነህ የምታጥበው» አለችኝ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም እግሬ ወደ በሩ ነበር። እሷ ከማንም አልተከራከረችም። ፎጣውን ሳሙና አስነክታ ጨመቀችና ለእናቴ ቀኝ እጅ ሰጠቻት። እኔን ጋቢውን ከፍ አድርጌ እንድይዝና ፊቴን ወደ መስኮቱ እንዳዞር ነገረችኝ። እናቴ የሚያሳፍራትን ቦታ ራሷ አጠበች። ጊዜ ወሰደ፣ እኔም ክንዴ እስኪዝል ጋቢውን ይዤ የጎረቤትን ቆርቆሮ ስመለከት ቆየሁ። በመጨረሻ ከኋላዬ «ይሄ ውኃ በርዷል፣ ቀይሩልኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከታመመች ወዲህ ስታዝ የሰማኋት ያኔ ነው።

«አታድርግላቸው፣ አስደርጋቸው» ትላለች ይህች እህት፤ ሁሉም ሥራዋ እዚህች ላይ ነው የተንጠለጠለው። ማበጠሪያውን ለቀኝ እጇ ትሰጣታለች፣ ያልደረሰበትን ብቻ እኛ እናበጥራለን።

ልብስን በተመለከተ ያስያዘችኝ አባባል ይህ ነው፤ «የደከመው እጅ ቀድሞ ይለብሳል፣ ኋላ ያወልቃል።» የግራው እጅጌ መጀመሪያ ይገባል፣ ሲወልቅ ደግሞ ቀኙ ይቀድማል። ይህን ባለማወቅ አንድ ቀሚስ ለማልበስ ሩብ ሰዓት ስንታገል ነበር። ቀሚሶቿንም ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ ከፊት አስከፍታ ተለቅ ያለ ቁልፍ አስደረገችላቸው። ከአልጋ ወደ ወንበር ስትሸጋገር ወንበሩ በደህናው፣ በቀኝ ጎኗ ይደረጋል። እግሯ መሬት ረግጦ፣ ወደፊት ዘንበል ብላ፣ አንድ ሁለት ሦስት ተብሎ ነው የሚነሳው። የሚያዘው ክንዷ ወይም ብብቷ ሳይሆን ወገቧ ላይ የታሰረው ሰፊ ቀበቶ ነው (እናቴ «መቀነቴን አምጡ» ነው የምትለው)። የሚያነሳው ሰው ደግሞ ጉልበቱን ይጠፍ እንጂ ወገቡን አይጠፍ፣ አለዚያ በሳምንቱ አስታማሚውም ታማሚ ነው።

ስለ አልጋ ቁስል ትንሽ ልበል፣ ብዙ ቤት የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ። የጠቆረው ቦታ አይታሽም፤ በአረቄም፣ በቅባትም። ከሥር ያለው ሥጋ በመተኛት ብዛት ደም አጥቶ የተጎዳ ነው፣ ማሸት ጉዳቱን ያብሰዋል። መድኃኒቱ ክብደቱን ከዚያ ቦታ ማንሳት ነው። በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጣታለን፣ ሌሊትም ስልኬ ይጮኻል። በጎን ስትተኛ ከጀርባዋ ትራስ፣ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ። በጀርባዋ ስትሆን ትራሱ ባቷ ሥር ይገባና ተረከዟ አየር ላይ ይቀራል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ስለሚችል በዓይን ብቻ አትመኑ፣ መሞቁንና መጠንከሩን በእጅ ዳሱ። ቦታው ከተላጠ፣ ወይም ክብደቱ ተነስቶለት ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ካልተመለሰ ለጤና ባለሙያ ማሳየት ነው። እናቴ ከመንዝ ያመጣችውን ባና አታውልቁብኝ ብላ ነበር፤ አላወለቀችባትም፣ ከባናው ሥር አንሶላ ብቻ ጨመረች። ሸካራው ሱፍ ቆዳዋን እንዳይፍቀው ነው።

ምግብ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረብን። እናቴ ከሳህኑ ግራ በኩል ያለውን ፍትፍት ሳትነካ «በቃኝ» ትላለች፤ እኛ የምግብ ፍላጎቷ ጠፋ ብለን እናዝናለን። እሷ ሳህኑን ዞር አደረገችው፣ እናቴም የቀረውን በላች። ለካ ስትሮኩ ግራውን ጎን ጭምር ያስረሳ ነበር! ስትበላ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ አገጯን ዝቅ አድርጋ፣ በትንሽ ማንኪያ ነው። የጎረሰችውን ሳትውጥ ሁለተኛ ጉርሻ የለም፤ እዚህ ላይ «በሞቴ» አይሠራም። ቀጭን ነገር ነው በብዛት ትን የሚያስብላት፤ አጥሚቱ ወፈር ይላል። ትን ሲላት ውኃ መስጠት የእኛ ልማድ ነበር፣ እሱም ቀረ። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳትተኛ ትቆያለች። በግራ ጉንጯ የቀረ ምግብ እንዳለ ይታያል፣ አፏም ይጸዳል። ዘመዶቻችን ከጻድቃኔ ማርያም ጠበል ይዘው ሲመጡ ትከለክላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ እቴ! እናቴን ቀና አድርጋ አስቀመጠችና በማንኪያ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣቻት። ተኝታ በኩባያ ማጠጣት ነው የከለከለችው።

ለመጸዳጃው አናጢ አስጠርታ መደገፊያ ያለውን የድሮ ወንበር መሃሉን አስበሳች፣ ከሥሩ ባልዲ ገባ። ከእንቅልፍ ስትነሳ፣ ከምግብ በኋላ፣ ከመተኛቷ በፊት ያለ ጥያቄ ወንበሩ ይቀርባል። እናቴ መለመን ስለቀረላት ውኃዋን መጠጣት ጀመረች። ሆድ ድርቀቷም በዚያው ለቀቃት።

ጠያቂ ሲመጣም ሥርዓት አላት። ገላ እየታጠበች ከሆነ በሩ አይከፈትም፣ የመጣው ማንም ቢሆን። ሰው «ትበላለች? ትተኛለች?» ብሎ እኔን ሲጠይቅ ደግሞ «እሳቸውን ይጠይቋቸው፣ ይሰማሉ» ትላለች። አንድ ሁለት ዘመድ ተቀይሞብናል፤ ይቀየም።

ጉድለቷን ሳልናገር ብቀር ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። ትቆጣለች። ያጠፋችሁትን በሰው ፊት ትነግራችኋለች። አዳር አትሠራም፣ እሁድ ከቅዳሴ በፊት ስልክ አታነሳም፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ቤት በላይ አትይዝም። መርፌ አትወጋም፣ የተላጠ ቁስል አትነካም፤ «ይሄ የባለሙያ ነው» ብላ እጇን ትሰበስባለች፣ እኔ ይህን ከጉድለት አልቆጥረውም። ሠራተኛ ቀጥሮ እናቱን ለሷ ትቶ ለመሄድ ያሰበ ሰው ግን ባይደውልላት ይሻላል፣ አይግባቡም።

እኛ ቤት አሁን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምትመጣው፣ ቅዳሜ። ሌላውን ራሳችን እንወጣዋለን፤ ባለቤቴም ተምራለች፣ እህቶቼም ሲመጡ ተራ ይይዛሉ። የትከሻዋ ሕመም ቀንሷል፣ ተረከዟ ድኗል። ግራ እጇ አሁንም አይታዘዝም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልብስ ሰፊውንና ለወንበሩ የእጅ ዋጋ አልቀበልም ያለንን አናጢም እግዚአብሔር ይስጥልን።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የታመመው ሰው ማን እንደሆነ፣ ሰፈራችሁ የት እንደሆነና አብሮ የሚማረው ሰው ማን እንደሆነ ጨምሩበት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ይህን ጽሁፍ ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና «የምታፈላው ቡና ቀጭን ነው፣ እሱንም ጻፍ» አለችኝ። ጽፌያለሁ።