ጠባብ ጋራዥ ላለው የተገጣጣሚ አውሮፕላን ሠሪ፦ አርቪ-12 ወይስ ኪትፎክስ?

በአሜሪካ ተገጣጣሚ አውሮፕላን ገዝቶ በቤቱ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ሞተርና ስለ ዋጋ ነው። ያለው ቦታ ግን አንድ መኪና ብቻ የሚይዝ፣ ወርዱ 3.6 ሜትር፣ ርዝመቱም 6 ሜትር ያህል የሆነ ጋራዥ ከሆነ፣ ሁለት ጥያቄዎችን ማስቀደም ይኖርበታል፦ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የተሠሩት ክፍሎች የት ይቀመጣሉ? ሥራው ካለቀ በኋላስ አውሮፕላኑ የት ያድራል? ጥያቄዎቹ አንድ ቢመስሉም፣ የመጀመሪያው ወደ አርቪ-12፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ኪትፎክስ ያደላል።

ሁለቱም ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ሁለቱም በሮታክስ 912 ሞተር ይበራሉ። አርቪ-12 በኦሪገን፣ አውሮራ ከሚገኘው ቫንስ ኤርክራፍት የሚመጣ ሲሆን ሁለንተናው አሉሚኒየም ነው፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8.1 ሜትር ገደማ ይለካል። በአይዳሆ፣ ሆምዴል የሚመረተው ኪትፎክስ በተበየደ የብረት ቱቦ ላይ ጨርቅ የለበሰ አውሮፕላን ነው፤ የሲሪስ 7 ክንፍ 9.8 ሜትር ያህል ይዘረጋል።

በሥራው ዘመን አርቪ-12 ለጠባብ ቦታ የተመቸ ነው። ዕቃው የሚደርሰው በአብዛኛው ቀዳዳው አስቀድሞ በፋብሪካ በተበሳ ጠፍጣፋ ላሜራ መልክ በመሆኑ፣ ወደ ቅርጽ እስኪገባ ድረስ ከሥራ ጠረጴዛ ሥር ወይም ግድግዳ ተደግፎ ሊቆይ ይችላል። ጭራው፣ ክንፎቹ፣ መቀመጫው ያለበት አካልና ሞተሩ በየተራ የሚታዘዙ የተለያዩ ኪቶች (የመገጣጠሚያ ዕቃ ጥቅሎች) ስለሆኑ፣ ሠሪው አንዱን ጨርሶ ቦታ ሳያገኝለት ሌላውን ለመቀበል አይገደድም። የተጠናቀቁት ክንፎች በመደገፊያ ላይ በጠርዛቸው ቆመው ግድግዳ ሲጠጉ የሚወስዱት ወለል ጥቂት ነው። ቦታው በእርግጥ የሚጠበው በመጨረሻ፣ ጭራው ከፊተኛው አካል ጋር ሲጋጠምና ሞተሩ ሲሰቀል ነው፤ ሙሉ ርዝመቱ 6.1 ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ጋራዥ በሩ አይዘጋም። ስለዚህ የመጨረሻውን ግጥሚያ በአየር ማረፊያ ለማከናወን አስቀድሞ ማቀድ ይገባል።

የኪትፎክስ ነገር ከዚህ ይለያል። አካሉ ከፋብሪካው ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ ስለሚመጣ የብየዳው ድካም ይቀራል፤ ዳሩ ግን ያ ትልቅ የቱቦ ቀፎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጋራዡን መሐል ይዞ ይቀመጣል። አጠገቡ ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡት የኮምፔርሳቶ የጎን አጥንቶች በአሉሚኒየም ቱቦ ላይ በሙጫ የሚጣበቁበት፣ የአንድ ክንፍን ሙሉ ርዝመት የሚሸከም ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ሁለት መኪና በሚይዝ ጋራዥ ይህ ችግር አይሆንም፤ አንድ መኪና በሚይዘው ግን ሠሪው በየቀኑ ሥራውን የሚጀምረው ዕቃ በማዛወር ይሆናል።

ከቦታ ቀጥሎ ጎረቤትና ቤተሰብ ይታሰባሉ። አርቪ-12 በአብዛኛው ከአንድ ወገን ብቻ በሚሳብ ሪቬት (ላሜራን ከላሜራ በሚያጣብቅ የብረት ችንካር) ስለሚያያዝ፣ ሌሎቹ የአርቪ አውሮፕላኖች የሚጠይቁት የመዶሻ ጩኸትና ከኋላ ብረት ይዞ የሚቆም ረዳት አያስፈልገውም፤ የሚሰማው የኮምፕረሰሩ ድምፅ ነው። በኪትፎክስ በኩል ጨርቁ ተጣብቆ በካውያ ሙቀት ከተወጠረ በኋላ በተደራራቢ ኬሚካል ይለበጣል። የተለመዱት ኬሚካሎች ሽታቸው ከባድ፣ ተናቸውም ተቀጣጣይ ነው። ብዙ የአሜሪካ ጋራዦች ውስጥ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ስላለ፣ ከመኝታ ቤት ሥር ባለ ጋራዥ ይህን ሥራ መሥራትን ፈጽሞ አልመክርም። በውኃ የሚሟሟው የስቱዋርት ዓይነት ልባስ ጉዳዩን በእጅጉ ያቀላል፤ የራሱ ጥንቃቄ ግን አለው።

ሥራው ሲያልቅ ሚዛኑ ይገለበጣል። በብዙ የአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ሃንጋር (የአውሮፕላን ማደሪያ መጋዘን) ለማግኘት ረጅም ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ሲሆን፣ ኪትፎክስ በዚህ ጊዜ ብልጫውን ያሳያል፤ ክንፎቹ ከአካሉ ሳይለዩ ወደ ኋላ ታጥፈው ጭራውን ተከትለው ያርፋሉ፣ ሌላ ማስቀመጫ አይፈልጉም። በታጠፈ ጊዜ ወርዱ ወደ 2.4 ሜትር ግድም ስለሚሆንም በተሳቢ ሊጓጓዝ ይችላል። አርቪ-12 ክንፎቹ ይወልቃሉ፤ ነዳጁ በአካሉ ውስጥ እንጂ በክንፍ ውስጥ ስላልሆነ መፍታቱ ቀላል ነው፤ ክንፎቹን ከአካሉ ጋር የሚያያዙት ፒኖች በቦታቸው ካልገቡ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክል ማብሪያ መኖሩም የሚመሰገን ብልሃት ነው። ሆኖም ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ የወለቁት ክንፎችም ማደሪያ ይሻሉ። በየሳምንቱ አውሮፕላን እየጎተቱ መሄድ በወረቀት ላይ የሚያምር ሐሳብ ነው፤ ተሳቢው፣ የመንገዱ ንዝረትና ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ የሚደረገው ፍተሻ ግን ከበረራው ሰዓት ላይ ይቀንሳሉ። ክንፍ መታጠፉን ለክረምት ማሳደሪያ ወይም ሃንጋርን ከሌላ ሰው ጋር ለመጋራት እንደሚጠቅም ችሎታ መቁጠር ይሻላል።

ሁለቱም የከበዱት ሰው ሶኔክስ የተባለውን ሌላ ተገጣጣሚ አውሮፕላን ይመልከት፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 6.7 ሜትር ብቻ በመሆኑ እያንዳንዱ ክንፍ በየትም ይገባል፣ የመቀመጫው ክፍል ግን ለረጃጅሞች ይጠብባል። ከፋይበርግላስ የሚሠሩት ሙጫቸው እንዲደርቅ የተመጠነ ሙቀት ስለሚሹና በአሸዋ ወረቀት ሲታሹ አቧራቸው ስለሚበዛ፣ ከቤት ጋር ለተያያዘ ጋራዥ አይሆኑም።

ኪት ሲያዝዙ «ፈጣን ግንባታ» የሚባለው አማራጭ ጊዜ ቢቆጥብም፣ ትላልቅ የተገጣጠሙ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ስለሚያመጣ ቦታን ይበላል። በየተራ ማዘዝ ለገንዘብም ይበጃል፤ ቫንስ ኤርክራፍት በዲሴምበር 2023 በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 11 መሠረት ከአበዳሪዎች ጥበቃ ሲጠይቅ ቅድሚያ ክፍያ የፈጸሙ ደንበኞች ለስጋት ተጋልጠው ነበር፤ ድርጅቱ በ2024 ከሂደቱ ወጥቶ ሥራውን ቀጥሏል።

ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የጋራዡን ወለል ብቻ ሳይሆን በሩንም መለካት ያስፈልጋል። የአንድ መኪና በር 2.4 ሜትር ብቻ የሚሰፋባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ታጥፎ 2.4 ሜትር ግድም የሚሆነው ኪትፎክስ በእንዲህ ያለ በር አያልፍም።