ዳህራን፣ ትሮንድሄም ወይስ ሬይክያቪክ? የነዳጅና የከርሰ ምድር ኃይል ትምህርት ለምታስቡ

ከገንዘቡ እንጀምር። የብዙዎቻችን ውሳኔ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ሳዑዲ፣ ዳህራን የሚገኘው የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና ማዕድን ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ጊዜ ማስተርስ ለሚማሩ የውጭ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አለው። የትምህርት ክፍያ የለም፤ የወር አበልና ማደሪያም ይሰጣል። የኖርዌይ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ድሮ ለሁሉም ነፃ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2023 መኸር ጀምሮ ግን እንደኛ ከአፍሪካ የሚሄድ ተማሪ ይከፍላል፤ ክፍያው ደግሞ ከባድ ነው። "ኖርዌይ ነፃ ነው" የሚል የቆየ ቪዲዮ አይታችሁ እንዳትወስኑ።

ትምህርቱስ? በሳዑዲ መጀመሪያ ዘይት በብዛት የፈለቀው እዚያው ዳህራን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938። የሳዑዲ የነዳጅ ኩባንያ የአራምኮ ዋና መሥሪያ ቤትም ጎረቤት ነው። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለ ዘይትና ጋዝ ማጥናት ለሚፈልግ ቦታው ይሄ ነው። ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ያለው ኤን ቲ ኤን ዩ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለባሕር ላይ ቁፋሮና ካርቦን ለመቅበር ይመረጣል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ስላይፕነር በተባለው መስክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል በታች ስትቀብር ኖራለች። እዚያ መግባት ባይሳካላችሁም አንድ ነገር ልጠቁማችሁ፦ የኖርዌይ የነዳጅ ኩባንያ ኢኩዊኖር እ.ኤ.አ. በ2018 የቮልቬ ዘይት መስክን መረጃ በነፃ ለቋል። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

አይስላንድ የተለየ ነው። እዚያ ለባለሙያዎች የሚሰጠው የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር ሙቀት ኃይል) ሥልጠና ስድስት ወር ነው፤ ዲግሪ አይሰጥም። ወጪው ይሸፈናል፤ ከጨረሱት መካከል ጥቂቶች እዚያው ማስተርስ እንዲማሩ ስኮላርሺፕ ያገኛሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠልጥነውበታል። እኔ ልቤ የሚያደላው ወደዚህ ነው። ዝዋይ አጠገብ ያለውን የአሉቶ ላንጋኖ የጂኦተርማል መስክ አስቡ፤ ጉድጓዶቹ ውስጥ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተለክቷል። የቁፋሮ ማሽኑ፣ የቁፋሮ ጭቃው፣ ሲሚንቶው፣ የግፊት ፍተሻው ከነዳጁ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። የሚለየው ዓለቱና ሙቀቱ ነው። በስምጥ ሸለቋችን ሥር ያለው ሥራ ደግሞ ይሄው ነው።

ታዲያ ማን የት ይሂድ? አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁና የኦጋዴን ጋዝ የሚያጓጓችሁ ከሆነ ዳህራን አመልክቱ። ኖርዌይን ስኮላርሺፕ በእጃችሁ ካልያዛችሁ ተዉት። በኃይል ወይም በጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ግን አይስላንድን አትለፏት። በግል ማመልከት አይቻልም፤ የሚያጫችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ነው። ስለዚህ አለቃችሁን ዛሬውኑ አናግሩ።