የእንጦጦ መንገድ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ለሚወጣ ሰው፣ በመንገዱ ዳር የሚሸጠው የስለት ዕቃ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጧፉ ዓይን ገልጦ መግዛት ይፈልጋል፣ ዕጣኑ አያሳፍርም፣ ዘቢቡን ግን ከቤት ይዞ መምጣት ይሻላል።

ደህና ጧፍ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የጥጥ ፈትልና የንብ ሰም። ሰሙ ብዙ ጊዜ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ተቀቅሎና ተጣርቶ የሚወጣ ስለሆነ ከቢጫ እስከ ቡናማ ቢለያይ ምንም አይደል። ጣጣው ፓራፊን ወይም ሞራ ሲቀላቀልበት ነው። አንዱን ጧፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ማሸት ነው፤ የንብ ሰም በጣት ሙቀት እየለዘበ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ፓራፊን የበዛበት ይሰነጠቅና ይፈረፈራል፣ ሞራ ያለበት ጣት ላይ ቅባት ይተዋል። ከዚያ ለኩሶ እፍ ማለትና ጭሱን ማሽተት። ማር ማር ካለ ይገዛል። ሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ከሸተተ እዚያው ይቅር።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነውና ብርዱ ሰሙ ላይ ነጭ አቧራ መሳይ ነገር ያወጣል። ገዢው ሻገተ ብሎ ይመልሰዋል፤ ሻጩም አፍሮ ያነሣዋል። ሻጋታ አይደለም። የንብ ሰም ሲቀዘቅዝ የሚያወጣው ነው፤ በጨርቅ ሲጠረግ ወይም ሲሞቅ ይጠፋል። እንዲያውም ያንን እስር ይዞ መሄድ ነው።

ፈትሉም ይታይ። ጫፉን ፈልቀቅ አድርጎ ክሩን በእሳት መንካት፦ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ተኮማትሮ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ፈትሉ ለሰሙ ከቀጠነ እሳቱ በቀለጠው ሰም ሰጥሞ ይጠፋል፤ ከወፈረ ይጨስና ሥዕሉን ያጠቁራል። የሚንጣጣው ደግሞ ፈትሉ እርጥበት ይዞ ሰም ውስጥ የተነከረ ነው።

ሻጮች ትልቁን እስር ያስቀድማሉ፤ ስለት በብዛት ያምራል ባዮች ናቸው። የኪዳነ ምሕረት ታሪክ ግን ከዚህ ጋር አይሄድም። የበላዔ ሰብ ነገር የታወቀ ነው፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ በውሃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ነፍሶቹ በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውሃ በሌላው ተመዝነው ሚዛን የደፋችው ውሃዋ ናት። ቃል ኪዳኑ የሚታሰብበት ክብረ በዓል የካቲት 16 ነው፤ የጧፉ ገበያ የሚደራውም፣ ድብልቁም የሚበዛው ያኔ ነው። ሦስት ንጹህ ጧፍ የሚያወጣውን ብር ለአንድ ሙሉ እስር ፓራፊን መስጠት ምን ይሉታል?

ዕጣን ሲመረጥ ነጣ ያለ፣ ቅርፊት ያልበዛበት ፍሬ ይሁን። ፍም ላይ ሲጣል ቀልጦ እየፈላ ነጭ ጭስ ካወጣ ደህና ነው፤ የተቃጠለ እንጨት ከሸተተ ቅርፊት ገብቶበታል። የተፈጨው ይቅር፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታይም። ከጎኑ የሚደረደረው ሰንደል ለቤት መልካም ነው፤ ለጽና (ለቤተ ክርስቲያን ዕጣን ማጠኛ) ግን አይሆንም።

ዘቢብ የሚጠነቀቁለት ነው፤ ቤተልሔም (በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቁርባኑ የሚሰናዳበት ቤት) ገብቶ፣ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ለቁርባን ይውላልና። ብዙው የፋብሪካ ዘቢብ እንዳይጣበቅ ዘይት ይቀባል። የታሸገው ከሆነ ጽሑፉ ይነበባል፤ በሚዛን የሚሸጠው ግን ምን እንደተቀባ አይናገርም። ጥቂት ፍሬ ለብ ባለ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጥሎ ትንሽ መጠበቅ፣ ላዩ ላይ የዘይት ዓይን ከታየ ለልጆች መክሰስ ይሁን። ይህን መንገድ ላይ ማድረግ ስለማይመች ነው ከቤት ይምጣ የተባለው።

የስለት ጃንጥላ የሚገዛ ዘርፉን ገልብጦ ይየው። በማጣበቂያ ከተለጠፈ ክረምቱን አይዘልቅም።

የጸበል ጀሪካን 5 ሊትሩ ይበቃል፤ ባለ 20ው ሲሞላ 20 ኪሎ ማለት ነው፣ ዳገቱ ደግሞ አለ። አሮጌ የዘይት ጀሪካን በሳሙና ቢታጠብም ሽታው አይለቅም፤ ከፍቶ ማሽተት። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ጎማ መኖሯም ይታይ፤ ከሌለች ጸበሉ ታክሲ ወንበር ላይ ይቀራል።