አይፖድ፣ ክሊፕ ፕላስ ወይስ የገበያው ርካሽ? ሊኑክስ ለምትጠቀሙ የሙዚቃ ማጫወቻ ንጽጽር

ጅማ ክረምት ሲገባ መብራቱ ይመጣል ይሄዳል፣ የስልኬ ባትሪ ደግሞ ዘፈን ከፍቼበት ከሰዓት አይደርስም። ስለዚህ ለዘፈን ብቻ የሚሆን ዕቃ መያዝ ጀመርኩ። ችግሩ ላፕቶፔ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ሻጭ ስለ ጊጋው፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ቀለሙ ሲነግራችሁ ይውላል፣ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ ምን እንደሚሆን ግን የሚነግራችሁ የለም። እኔ በእጄ ያለፉትን ሦስቱን ላወዳድርላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። ማጫወቻ ሲሰካ ወይ እንደ ፍላሽ ይከፈታል፣ ወይ ኤምቲፒ በሚባለው መንገድ ይገናኛል። ኤምቲፒ ስልካችሁን ስትሰኩ የምታዩት ነው። ይሠራል፣ ግን ይንቀራፈፋል፤ ኮፒ እያደረገ ሳለ ሌላ ፎልደር ልክፈት ካላችሁ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አንድሮይድ ያላቸው የሶኒ ዎክማኖች በዚህ መንገድ ስለሚገናኙ እኔ አልገዛቸውም። እንደ ፍላሽ የሚከፈተው ላይ ጎትቶ መጣል ነው፣ አለቀ።

የአፕል ኩባንያው አይፖድ ክላሲክም እንደ ፍላሽ ይከፈታል፣ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። የእኔን የገዛሁት ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ከሚማር ልጅ ነበር። ማታ ዘፈኖቼን ጎትቼ ጣልኩ፣ ቦታው ሞላ፣ ነቅዬ ስከፍተው አንድም ዘፈን የለም። ለካ አይፖድ ፎልደር አያነብም፤ የሚያነበው አይቱንስ ዲቢ የሚባል የራሱን መዝገብ ነው፣ እዚያ ያልተመዘገበ ዘፈን ለእሱ የለም። የተደበቀውን ፎልደር ከፍታችሁ ብታዩ ኤፍ00፣ ኤፍ01 እያሉ የሚሄዱ ፎልደሮች ታገኛላችሁ፣ በውስጣቸው ያሉት ዘፈኖች ስማቸው ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደላት ናቸው።

መዝገቡን ሊኑክስ ላይ ሪዝምቦክስ ወይም ጂቲኬፖድ የሚባሉ ፕሮግራሞች ይጽፉላችኋል። ለድሮዎቹ አይፖዶች ጥሩ ነው። በፈረንጆቹ 2007 ከወጣው ክላሲክ ጀምሮ ግን አፕል መዝገቡን ከዕቃው መለያ ቁጥር ጋር አሰረው፣ ያ ካልተስተካከለ ዘፈኑ ገብቶም ዕቃው ባዶ ነኝ ይላል። በዚያ ላይ ማክ በሚባለው የአፕል ኮምፒውተር ላይ ፎርማት የተደረገ ከሆነ ሊኑክስ ያነበዋል እንጂ እንዲሁ በቀላሉ አይጽፍበትም፤ ስትገዙ በዊንዶውስ የተዘጋጀውን ፈልጉ። መውጫው ሮክቦክስ ነው። በማጫወቻው በራሱ ሶፍትዌር ፋንታ የሚጫን ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ሲጫን አይፖዱ ፎልደር ማንበብ ይጀምራል፣ መዝገብ ምናምን የለም። 160 ጊጋ ባለው ላይ ይህን ካደረጋችሁ የቤተሰቡ ዘፈን ሁሉ ይገባል። ግን ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፣ መውደቅ አይወድም፤ ደግሞ ከፈረንጆቹ 2014 ወዲህ ስላልተሠራ የምታገኙት ሁሉ ያረጀ ነው።

ሳንዲስክ ክሊፕ ፕላስ ሌላ ዓለም ነው። ከሸሚዝ ኪስ ጫፍ ላይ ቁንጥጥ አድርጎ የሚይዝ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር፣ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ያለው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የዩኤስቢ አማራጩን ከኤምቲፒ እንደ ፍላሽ ወደሚያስከፍተው ኤምኤስሲ አንድ ጊዜ ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ፍላሽ ነው። ይህን ዘፈን ከመጫናችሁ በፊት አድርጉት፣ ምክንያቱም በአንዱ መንገድ የተጫነው በሌላው ሲሰካ አይታይም፣ ጠፋ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ሮክቦክስም ይቀበላል። እሱም መመረቱ የቆመ ዕቃ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስፈልጉት።

ሄርማታ ገበያ የሚሸጠው ስም የለሽ ርካሹስ? ሰክታችሁ ፍላሽ ነው፣ ደስ ይላል። የእኔው ግን ዘፈኖቹን በፊደል ተራ ሳይሆን ኮፒ በተደረጉበት ተራ ነው የሚያጫውተው፤ ፋትሶርት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ታስተካክለዋለች። በአማርኛ የጻፍኳቸውን ስሞች ደግሞ ተርታውን ባዶ ሳጥን አድርጎ ነው የሚያሳየኝ፣ ስለዚህ በላቲን ፊደል ጻፍኳቸው። እናቴ ስሙን አታይም፣ ቁልፉን ብቻ ነው የምትጫነው፤ ለእሷ ከሦስቱ ይኼ ይሻላል።

ትልቁ ጣጣ ማጫወቻው ላይ ሳይሆን ሚሞሪ ካርዱ ላይ ነው። 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ 7 ጊጋ አካባቢ ሲደርስ ዘፈኖቹ መቆራረጥ ጀመሩ። ኤፍ3 የሚባለውን መሣሪያ ሌሊቱን አሳደርኩበት፤ ካርዱን ጢም አድርጎ ይሞላዋል፣ ከዚያ የጻፈውን መልሶ ያነባል። ጠዋት ሳየው እውነተኛው መጠን 8 እንኳ አልሞላም። ይዤ ስመለስ ሻጩ «ላፕቶፕህ ነው ችግሩ» አለኝ፣ ቫይረስም ጠረጠረ።

ሌላው፣ የኮፒው መስመር ሞላ ብላችሁ እንዳትነቅሉ። ሊኑክስ ፋይሉን መጀመሪያ የላፕቶፑ ሚሞሪ ላይ ይይዝና ቀስ እያለ ነው ዕቃው ላይ የሚጽፈው፤ እኔ በችኮላ ነቅዬ ሦስት ዘፈኖች ግማሽ ላይ ቀርተውብኛል። የማስወጫውን ምልክት ተጭናችሁ አሁን መንቀል ትችላላችሁ እስኪል ጠብቁ።

ምርጫዬን ካላችሁኝ፣ ከተገኘ ክሊፕ ፕላስ፣ ካልተገኘ ርካሹን ከተፈተሸ ካርድ ጋር፣ አይፖዱን ደግሞ ሮክቦክስ ለመጫን ትዕግሥት ላለው ብቻ። የትኛውንም ስትገዙ ላፕቶፑንና ኬብሉን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፣ ሁለት ዘፈን ጥላችሁበት፣ በሥርዓቱ አስወጥታችሁ፣ እዚያው ቆማችሁ አዳምጡ። ሻጩ መብራት የለም ካለ ላፕቶፑ ባትሪ አለው።