ውጤቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ አልትራሳውንድ ደብረ ብርሃን ላይ አገኘን

እህቴን እታለምን ይዤ ከደብረ ሲና የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ጣርማበርን አልፈን ደብረ ብርሃን ስንገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሄድነው ጠባሴ አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው።

እህቴ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ታይታ ነበር። የሰጧት ወረቀት «ኢንትራሙራል ማዮማ፣ ፖስቴሪየር ዎል» ይላል። ምን ማለት ነው ብትላቸው «ሐኪምሽ ያነበዋል» ብለው ሸኟት። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ካንሰር ነው ብላ ልጆቼን ለማን ልተው እያለች ታለቅስ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

እዚህ ግን ዶክተሩ በአልትራሳውንድ አይቷት ሲጨርስ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «እህቴ፣ መቼም የጭቃ ቤት ታውቂያለሽ» አላት። ማህፀንም ግድግዳ አለው፤ ከውስጥም ከውጭም ተለስኗል። ማዮማ የሚባለው እጢ ግድግዳው መሐል ከበቀለ ኢንትራሙራል ነው። ከውስጠኛው ልስን ስር ከሆነ ሰብሚውኮሳል፣ ከውጭኛው ስር ከሆነ ሰብሴሮሳል ይባላል። ፖስቴሪየር ማለት በጀርባ በኩል ያለው ግድግዳ ነው። እየነገራት በእስክሪብቶ ይሥልላታል። ቦታው ለምን እንደሚጠየቅም ገባን። የውስጠኛው ትንሽ ሆኖም የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል። የውጭኛው ሲያድግ ፊኛን ተጭኖ ሽንት ቶሎ ቶሎ ሊያስመጣ ይችላል። የእሷ መሐል ላይ ነው፣ 3 ሴንቲሜትር ገደማ። ማዮማ ደግሞ ካንሰር አይደለም። ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

እኔም ደፍሬ አምና የተነሣሁትን የኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ የማየት ምርመራ) ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። «አንትራል ጋስትራይቲስ» ይላል። ሳቅ ብሎ ተቀበለኝ። ጋስትራይቲስ የጨጓራ መቆጣት ነው፤ አንትረም ደግሞ የጨጓራ የታችኛው ክፍል ነው፣ ምግብ ወደ አንጀት ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበት። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያም ብዙ ጊዜ እዚያ ያርፋል አለኝ። መድኃኒቱን ስውጥ ከርሜ የተቆጣው የቱ ጋ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጉድለትም አለው። ወረፋው ሦስት ሰዓት ፈጅቶብናል፤ መጠበቂያው በረንዳ ስለሆነ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። ሪፖርቱም እንደ ሌላው ቦታ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚታተመው። ከሥሩ ሁለት መስመር አማርኛ ቢጨምሩበት ምን ነበረበት? ለዶክተሩም ነግሬዋለሁ፣ አልተቆጣም። ዋጋው ከሌላው ብዙም አይለይም።

እታለም ሥዕሉን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ለቀጠሮዋ ቀን ለማህፀን ሐኪሙ ልታሳየው ነው።